ባዶ የሚለው ወለል

ጥቅምት 6

ይድረስ ለልጄ ለቁንጥንጧ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፤ ጉልበቷም ከሐኪም ቤት ከወጣች ወዲህ ይሻላታል። ድመቷ ደህና ናት። የጎረቤት ዶሮዎችም ደህና ናቸው። ሰላምታውን የማስረዝመው ወደ ጥያቄሽ ላለመድረስ መሆኑን ታውቂያለሽና አትሳቂብኝ።

አልፈረምኩም።

ዋና ነርሷ ያለችኝን አልረሳሁም። «አባባ፣ እርስዎ የጤና ጣቢያው ወለል ደህና ነው ካሉ እኔ ለበላይ እጽፋለሁ፤ ሁለተኛውንም ሕንጻ ልጅዎ ትይዘዋለች» ብላኛለች። ሁለተኛው ሕንጻ ማለት አንቺ ከዚያ ከሰው አገር ተመልሰሽ ቤትሽ ገባሽ ማለት ነው። ይህን እኔ አጥቼው አይደለም። ብዘነጋው እንኳ እናትሽ ቁርሴን ስታቀርብ ከሻዩ ጋር ታስታውሰኛለች። ነገር ግን በአርባ ዓመት ሥራዬ የወዳጅ ነው ብዬ ያሳለፍኩት ወለል የለም። የልጄ ነው ብዬ ልጀምር እንዴ?

እንደ ልማዴ ዱላዬን ይዤ ገባሁ። ከታች ከአሮጌው ክፍል ጀምሬ እያንዳንዱን ሴራሚክ በዱላው ጫፍ አንድ አንድ ጊዜ መታሁት። በደንብ የተጣበቀ ሴራሚክ ሲመቱት አጭርና ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ይህን ስታነቢ «አውቃለሁ አባባ» እያልሽ ነው፤ ዝም ብለሽ አንብቢ። ያንቺ አሮጌው ክፍል ግን ባዶ ይላል። አዲሱ ክፍልም ባዶ ይላል። ፎቁ ላይ በጣውላ ላይ ያነጠፍሽው የአራሶች ክፍል ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። አንዱንም ሳልዘል መታሁት፤ ሁሉም ያው ነው።

ሦስት ክፍል በሦስት ሳምንት ጨረስሽ። የዕረፍት ፈቃድሽ እያለቀ እንደነበር አውቃለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? እኔ ያኔ እናትሽን ይዤ ሐኪም ቤት ነበርኩና እጅሽን አላየሁም። የጤና ጣቢያው አናጢ ግን ከሴራሚኩ ሥር ብርቱካናማ ላስቲክ ስትዘረጊ አይቼአለሁ ይላል። ምንድን ነው እሱ? ሴራሚክ መሬቱን ካልያዘ ምን ሊይዝ ነው?

ወለሉን ለመረከብ የሚደረገው ስብሰባ ኅዳር 12 ነው። እስከዚያ አስረጂኝ። ደውለሽ ነበር አሉኝ፤ አላነሳሁም። በስልክ የሚነገር ነገር አይጨበጥልኝም፣ በወረቀት አድርጊው።

አባትሽ

—

ጥቅምት 15

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የእማማ ጉልበት በመሻሉ ደስ ብሎኛል። ስለ ዶሮዎቹም እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን የምጽፈው በምሳ ሰዓት ቆሜ ነው፤ የምቀመጥበት ሁሉ አዲስ የተነጠፈ ነው። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አንብቤ ሦስት ጊዜ ተናድጃለሁ። አባቴ ነዎትና ቁጣዬን ዋጥኩት፣ ግን አልወረደልኝም። ቢሆንም የጠየቁኝን በተራ እመልሳለሁ።

ላስቲኩ ማላቀቂያ ነው። ስሙ ክፉ ይመስላል፣ ሥራው ግን ማስታረቅ ነው። ከታች በኩል እንደ ጨርቅ ጸጉር አለው፤ እሱ መሬቱ ላይ በማጣበቂያ ይያዛል። ከላይ በኩል ትንንሽ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች አሉት፤ እነሱ በማጣበቂያ ይሞሉና ሴራሚኩ እዚያ ላይ ይቀመጣል። መሬቱ በሙቀትና በእርጥበት ሲሳብና ሲያብጥ ላስቲኩ በመካከል ሆኖ ይቀበለዋል፤ ሴራሚኩ ጋ አያደርሰውም። እርስዎና እማማ ስትጣሉ እኔ በመካከል ሆኜ የአንዱን ንግግር ለሌላው አለስልሼ አደርስ የለ? እንደዚያ ነው።

አሮጌው ክፍል ኮንክሪቱ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ወደ ጎን ብቻ የሚከፈት ከሆነ ላስቲኩ ይችለዋል። አንዱ ወገን ከሌላው ከፍና ዝቅ የሚል ቢሆን ግን አይችለውም፤ ውኃ ልክ አስቀምጬ አይቻለሁ፣ እኩል ነው። አዲሱ ክፍል ሳነጥፍበት ኮንክሪቱ ገና አንድ ወሩ ነበር፤ እየደረቀ ይሸበሸባል፣ እርጥበቱንም ይተፋል፤ ከላስቲኩ ሥር ያለው ክፍተት እርጥበቱን ያስተነፍሰዋል። ፎቁ ጣውላ ነው። ጣውላ በክረምት ያብጣል በበጋ ይኮሰምናል፤ ያለ ላስቲክ ቢነጠፍበት በዓመቱ ይሰነጠቅ ነበር። ለጣውላውም ማጣበቂያው ሌላ ነው፣ የኮንክሪቱን አልተጠቀምኩም። ላስቲክ የሚወዛወዝ ወለል አያጠነክርምና አስቀድሜ አናጢው ከሥር ተጨማሪ ወራጅ እንጨት እንዲያስገባ አድርጌያለሁ። ይጠይቁት።

አሁን ወደ ድምፁ። አባባ፣ ከላስቲክ በላይ ያለ ሴራሚክ ሲመቱት ድምፁ ቀለል ይላል፤ ከሥሩ ያ ትንሽ ክፍተት አለና። ይህ ማለት አልተጣበቀም ማለት አይደለም። እዚህ ያለው መሐንዲስ በመጀመሪያ ቀን እንደ እርስዎ ብሎ አፋጥጦኝ ነበር። ይህን ወለል በዱላ አይፍረዱበት። ከጥግ አንድ ሴራሚክ ያንሱና ጀርባውን ይዩ። አንድ ብቻ።

እባክዎን ቶሎ ይጻፉልኝ። እዚህ ሰው አንድ ነገር ሲነግረኝ ሌላ ነገር እየመለስኩ ነው። ትናንት ያነጠፍኩትን መስመር ዛሬ ጠዋት ጠማማ መስሎኝ ስለካ ቀጥ ያለ ሆኖ አገኘሁት። ከሰዓትም እንደገና ለካሁት።

ልጅዎ

—

ጥቅምት 25

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እዚህ ዝናቡ ያለ ጊዜው መጥቶ ሰዉን ሁሉ ጃንጥላ አስይዞታል። እናትሽ ትቆጣኛለች። ዘንድሮ ቁጣዋ በዝቷል፤ ጨው አቀብለኝ ለማለት እንኳ ትጮሃለች። እርጅና ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

የጻፍሽው ገብቶኛል። ግማሹን አምኜአለሁ፣ ግማሹን ደግሞ ልጅ ለሥራዋ ትከራከራለች ብዬ ትቼዋለሁ። የማስታረቁ ነገር ግን አስቆኛል። ለካ የምታደርሺልን የራሳችንን ቃል አልነበረም፤ ለስላሳው ያንቺ ነበር።

አንድ ያንሱ ብለሽኝ ነበር። አነሣሁ። ሴራሚኩ ተላቆ አልወጣም፤ መሮው ሥር ተፈረካክሶ ነው የወጣው። ማጣበቂያው ጉድጓዶቹን ሞልቶ፣ ላስቲኩም ከጣውላው ጋር ተያይዞ እንቢ አለኝ። በዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲሉ ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር።

ስንት እንዳነሣሁ አትጠይቂኝ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልቻልኩም። ቁንጥንጥ የሚለውን ስም ላንቺ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አሁን እናትሽ ለኔ አዙራዋለች። ጠዋት ወጥቼ አናጢው ዘንድ እሄዳለሁ፣ የምጠይቀውን ረስቼ እመለሳለሁ። ጤና ጣቢያው በር ድረስ ሄጄ ሳልገባ እመለሳለሁ። ዋና ነርሷ በመስኮት አይታኝ እጇን ታወዛውዛለች፤ እኔም አወዛውዛለሁ፤ በዚሁ እንለያያለን። ሴራሚኩ በደንብ ተይዟል። ዱላዬ ግን አልተያዘም አለ። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል፣ ዱላዬ ደግሞ በአርባ ዓመት ዋሽቶ አያውቅም። ላስቲኩ ነው ትያለሽ። ይሆናል። ጊዜ ስጪኝ።

አባትሽ

—

ኅዳር 3

አባባ፣

ሰላምታዬን እማማ ታድርስልኝ። እኔ ዛሬ አልችልም።

እማማ ጽፋልኛለች። የአራሶቹን ክፍል ግማሹን አንሥተውታል። ስልሳ አራት ሴራሚክ። እሷ በእግሯ ደረጃውን ወጥታ ቆጥራቸዋለች፤ በዚያ ጉልበቷ! አንድ ብዬ ጻፍኩልዎ፤ ደብዳቤዬ ሲደርስ ግን ክፍሉ አስቀድሞ ተነሥቶ ነበር አይደል? ጥቅምት 6 ሲጽፉልኝ መሮውን አንሥተው ነበር? ወይስ ፖስታውን አሽገው ወዲያው ሄዱ? የመጀመሪያው እንደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው እንደ ሃያኛው ተሰብሮ ሲወጣ እያዩ እንዴት እጅዎ አላቆመም? ለባዕድ ሠራተኛ ይህን አያደርጉም ነበር። ባዕድን «ና፣ አብረን እንየው» ይሉት ነበር።

እነዚያን ሴራሚኮች አንድ በአንድ ነው ያስቀመጥኳቸው። እርስዎ ባስተማሩኝ አቀማመጥ፤ መጀመሪያ ያለ ማጣበቂያ በደረቁ ዘርግቶ፣ ቁራጩን ከበር ራቅ አድርጎ፣ ዓይን ለሚያርፍበት ቦታ ሙሉውን ሰጥቶ። አንዱንም አላስተዋሉም?

ይህን ጽፌ ከግቢው ወጣሁ፣ መንገዱን ሁለት ጊዜ ዞርኩ፣ አሁን ተመልሼ የቀረውን እጽፋለሁ።

እሺ፣ የተነሣው ተነሥቷል። ስብሰባው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እርስዎ እዚያ ገብተው ልጄ አጥፍታለች ቢሉ እኔ አልቆልኛል፤ እኔ አጥፍቻለሁ ቢሉ ደግሞ እርስዎ አለቀልዎት። ሁለቱንም አልፈልግም። ስለዚህ እንዲህ ይበሉ፦ «ላስቲኩ አሳሳተኝ፤ አዲስ ነገር ነው፣ ድምፁን አላውቀውም ነበር» ይበሉ። ውሸት አይደለም። ስንቱን መሐንዲስ ያሳሳተ ነገር ነው። ማንም አይፈርድብዎትም፣ ስምዎም እንዳለ ይቆያል፣ የታቹም ወለል ይተርፋል። ስልሳ አራቱን እኔ መጥቼ እመልሳለሁ።

ይህን ብቻ ያድርጉልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።

ልጅዎ

—

ኅዳር 13

ይድረስ ለልጄ፣

ትናንት ስብሰባው ተደርጓል። ነገሩን ከመጀመሪያው ልተርክልሽ ነበር፤ ግን አንቺ ገልብጠሽ መጨረሻውን እንደምታነቢ አውቃለሁና ይኸው መጨረሻው። ወለልሽ አልፏል። ከታች ከየክፍሉ አንድ አንድ በፊታችን ተነሣ፣ ሁሉም ተሰብሮ እንጂ ተላቆ አልወጣም። ፎቁ እንደገና ይነጠፋል፤ ጥፋቱ የኔ ተብሎ ተመዝግቧል። ሁለተኛው ሕንጻ ያንቺ ነው።

አሁን ቁጭ በይ።

ፖስታውን አሽጌ ወዲያው ነው የሄድኩት። ጠይቀሻልና ይኸው መልሱ። ደግሞም እንዳልሽው የመጀመሪያው ተሰብሮ ወጣ፤ ሁለተኛውም እንደዚያው። እኔ ግን ቀጣዩ ይላቀቃል፣ ቀጣዩ ይላቀቃል እያልኩ እሄዳለሁ። የምፈልገው እውነቱን አልነበረም። ዱላዬ ልክ እንደነበር የሚመሰክርልኝ አንድ ሴራሚክ ነበር የምፈልገው። ስልሳ አራት ላይ ክንዴ ዛለና ቆምኩ። ልቤ አይደለም ያቆመኝ። አፍራለሁ ልጄ።

የላክሽልኝ ሰበብ ጥሩ ሰበብ ነበር። ሰኞ ዕለት ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደድኩ ተለማመድኩት። «ላስቲኩ አሳሳተኝ። አዲስ ነገር ነው።» ድምፄን ከፍ እያደረግኩ፣ ዝቅ እያደረግኩ። እናትሽ ከጓዳ ብቅ ብላ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ። ስዞር ዱላዬ የሳሎኑን ወለል መታ። ባዶ አለ።

ያንን ወለል አንቺ ሳትወለጂ ነው ያነጠፍኩት። ላስቲክ የሚባል ነገር በሥሩ የለም። ሌላውን መታሁ፤ ባዶ። ጓዳውን መታሁ፤ ባዶ። ወጥቼ የደጃፉን ድንጋይ መታሁት። አንድ ወጥ ድንጋይ ነው ልጄ፣ አራት ሰው ተሸክሞ ያመጣው ጥቁር ድንጋይ። ባዶ አለ።

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። እናትሽ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። «ሁለት ዓመት ሆነው እኮ» አለችኝ። «ምኑ?» አልኳት። «ጆሮህ» አለች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «በየቀኑ ነግሬሃለሁ፤ አልሰማኸኝም» አለችና ሳቋ መጣ። እኔም ሳቅኩ። ቀጥሎ ማን እንዳለቀሰ አልጽፍልሽም። ሴትዮዋ ሁለት ዓመት ሙሉ የምትጮኸው እንድሰማት ኖሯል፤ እኔ እርጅና ቁጡ አደረጋት እያልኩ ለጎረቤት አማታለሁ። አናጢውም ያውቃል፣ ነርሷም ጠርጥራለች፣ ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ።

ስብሰባው ላይ ነርሷ፣ አናጢው፣ ከበላይ የመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ግንበኛው ጢሞም ነበር፤ ለአንቺ ሥራው ሲሰጥ «ወለል ነው ወይስ ጥልፍ?» ብሎ የሳቀው። ነርሷ ልክ እንዳንቺ አሰበችልኝ። የሰበቡን በር ራሷ ከፈተችልኝ። «ታዲያ አባባ፣ ያሳሳተዎት ይሄ ላስቲክ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ጢሞ እንኳ ራሱን ነቅንቆ «አዎ፣ ድምፁ ያሳስታል» ብሎ አገዘኝ።

አዎ ብል፣ ነገ ደግሞ ላስቲክ የሌለው ወለል ያሰሙኛል። በአንቺ ላይ ያደረግኩትን በሌላ ሰው ልጅ ላይ አደርጋለሁ፤ ለዚያች ልጅ ደግሞ የሚሟገትላት የለም። ይህን አስቤ አፌን ከፈትኩ። «አይደለም፤ ጆሮዬ ነው» አልኩ። «ሁለት ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁለት ዓመት ቆሟል ያልኩትም ወድቋል ያልኩትም አይታመን። ከዛሬ ጀምሮ ወለል ስማልን ብላችሁ አትጥሩኝ።» ድምፄ ምን ያህል እንደ ጮኸ አላውቅም። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ጢሞ አልሳቀም፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ከሰኞ ጀምሮ አናጢውን ሰሚ አድርጌ በሁለት ዓመት ያሳለፍኳቸውን ቤቶች እየዞርኩ ነው። አሥራ አንድ ናቸው፤ ሰባቱን አይቻለሁ፣ በሁለቱ ከሥሩ ያልተያዘ ሴራሚክ አግኝተን ባለቤቶቹን ይቅርታ ጠይቄአለሁ። የቀሩትን እስክጨርስ አላርፍም።

ስትመጪ አንድ ነገር ልለምንሽ። ሁለተኛው ሕንጻ ላይ ሥራ ስጪኝ። ማጣበቂያ ማቡካት እችላለሁ። ማቡካት ጆሮ አይፈልግም።

አባትሽ

—

ኅዳር 20

ይድረስ ለአባቴ፣

ደብዳቤዎን አነበብኩት። ቁጭ ብዬ። መጨረሻውንም አስቀድሜ አላነበብኩም፣ ይመኑኝ።

ስለ ስልሳ አራቱ አሁንም ተናድጃለሁ። ስመጣም እናደዳለሁ፤ አንድ ቀን ያልፈኝ ይሆናል እንጂ አሁን አላለፈኝም። ስለ ጆሮዎ ደግሞ አለቀስኩ። እማማ ስትጮህብዎት እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ሰምቼ አላስተዋልኩም። እማማ በታከመችበት ሐኪም ቤት የጆሮ ሐኪም አለ፤ ሳልጠይቅዎት ቀጠሮ አስይዤልዎታለሁ።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ያንን ሰበብ የሰጠሁዎት ለእርስዎ ብቻ አስቤ አይደለም። እኔ ብሆን እወስደው ስለነበር ነው። ወስጄውም አውቃለሁ። ከታች አሮጌው ክፍል ከአዲሱ ጋር የሚገናኝበት በር አለ። ሁለቱ ኮንክሪቶች በየፊናቸው ነው የቆሙት፤ አዲሱ ገና ወደ ታች ይሰምጣል። እዚያ ላይ ሴራሚኩን አቋርጬ፣ ክፍተቱን ጠብቄ፣ በሚለጠጥ ነገር መሙላት ነበረብኝ። ፈቃዴ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ላስቲኩ ይችለዋል ብዬ በላዩ አነጠፍኩበት። ላስቲኩ ከፍና ዝቅ አይችልም። ይህን ለእርስዎ በእጄ ጽፌልዎታለሁ፤ ስጽፈውም ያንን በር እያሰብኩ ነበር። ጥቅምትን ሙሉ ስቁነጠነጥ የከረምኩት እርስዎ አንሥተው ያያሉ ብዬ ነው። እርስዎ ግን ፎቁን አነሡ።

ዱላዎ ስቶ ይሆናል። ስለ ሩጫዬ የጻፉት ግን ልክ ነበር።

በዚሁ ፖስታ ለዋና ነርሷ ጽፌላታለሁ። እርስዎ በሰው ፊት ቆመው ያሉትን ካነበብኩ በኋላ ዝም ብዬ ያንን ሕንጻ ልወስድ አልችልም። ትከለክለኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ብትከለክለኝም አልቀየማትም። ከዚህ ሥራ ቅዳሜ እለቃለሁ፤ ሰኞ እዚያ ነኝ። ሰጡኝም ነሱኝም ያንን በር ከፍቼ እንደገና እሠራዋለሁ፤ ከዚያ ስልሳ አራቱን።

ማጣበቂያውን እርስዎ ያቡኩልኝ።

ልጅዎ